ባሕሩ ኮምጥጦ ይሆን? የባሕር ዳርቻ ውሃን ካርቦን በገዛ እጅ የመለካት መመሪያ

አምቦ ውሃ ከፍታችሁ ረስታችሁት አደረ እንበል። ጠዋት ስትቀምሱት ምላስ የሚቆነጥጠው ነገር የለም። ጋዙ ወጥቷል። ፒኤች ሜትር (መኮምጠጥን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው ኮመጠጠ ማለት ነው) ብትነክሩበት ቁጥሩ ማታ ከነበረው ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ መኮምጠጥ ይሄዳል፤ ሲወጣ ይመለሳል። ባሕር ላይ እየሆነ ያለው የመግባቱ ነገር ነው። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይወስደዋል።

የምኖረው ሲያትል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይንስ የማስጠናቸው የሐበሻ ልጆች አሉ። አንዷ «ባሕሩ አሲድ ሆኗል የሚሉት እውነት ነው?» ብላ ያዘችኝ። ርካሽ ፒኤች ሜትር ገዝተን ወደ ዳርቻው ወረድን። ጥልቀት የሌለው፣ የባሕር ሣር የበዛበት ቦታ ነው። ጠዋት 7.8 አለን። ምሳ በልተን ስንመለስ 8.2። መሣሪያው ተበላሽቷል ብለን ሳቅን።

አልተበላሸም ነበር። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት የውቅያኖስ ገጽ ውሃ ፒኤች በአማካይ 8.2 አካባቢ ነበር፤ አሁን ወደ 8.1 ወርዷል። የሁለት መቶ ዓመት ለውጥ 0.1 ሆኖ፣ እኛ በግማሽ ቀን 0.4 አየን። ክፍት ውቅያኖስና ባሕር ዳርቻ የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ዳርቻ ላይ አንድ ቁጥር ይዞ «ባሕሩ ኮመጠጠ» ማለት፣ እኩለ ቀን ላይ ቴርሞሜትር አይቶ ስለ አገሩ አየር ንብረት እንደ መፍረድ ነው። ቢያንስ ሁለት ነገር መለካት ያስፈልጋል፤ ሰዓቱን መመዝገብ፤ ከሁሉም በላይ ጠርሙሱን በሥርዓት መሙላት። የዚህ መመሪያ ጉልበት ያረፈው እነዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ 8.1 አሁንም ከ7 በላይ ስለሆነ ባሕሩ አሲድ አልሆነም። ከ30 ዲግሪ ወደ 25 የወረደ ቀን «ቀዘቀዘ» እንደሚባለው ነው፤ በረዶ ሆነ ማለት አይደለም። ግን 0.1 ስትሰሙ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። የፒኤች ደረጃ የተሠራው በአሥር እጥፍ ስለሆነ፣ የ0.1 መውረድ ማለት የሃይድሮጅን አዮን በ26 በመቶ ጨመረ ማለት ነው።

መጀመሪያ፦ ኬሚስትሪው በታክሲ ቋንቋ

ለልጆቹ በዚህ መንገድ ነግሬያቸው ስለገባቸው ለእናንተም ይኸው። ሃይድሮጅን ተሳፋሪ ነው። ካርቦኔት ሁለት ባዶ ወንበር ያለው ታክሲ ነው። አንድ ተሳፋሪ ሲቀመጥበት ስሙ ይቀየርና ባይካርቦኔት ይባላል፤ አንድ ወንበር ቀረው። ሁለተኛው ሲገባ ሞላ፤ ካርቦኒክ አሲድ ሆነ፤ እሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ማለት ነው።

በተለመደ የባሕር ውሃ ውስጥ ከመቶ ታክሲ 90 ያህሉ ባይካርቦኔት፣ 9 ገደማ ካርቦኔት፣ አንዱ ብቻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሁን ከአየር ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገባ እንበል። የገባው ሙሉ ታክሲ ነው። አንዱ ተሳፋሪ ወርዶ ባዶ ወንበር ሲፈልግ ካርቦኔቱን ያገኛል፤ ይቀመጣል። ካርቦኔት የነበረው ባይካርቦኔት ሆነ። ካርቦን ጨምረን ካርቦኔት ቀነሰ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ግር ይለዋል።

ኦይስተር (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የባሕር እንስሳ)፣ ቀንድ አውጣ፣ ኮራል ዛጎላቸውን የሚሠሩት ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። ካርቦኔቱ ሲያጥር ግንባታው ይከብዳል።

አንድ ቃል ጨምሬ ልለቃችሁ፤ አልካሊኒቲ። በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ ያሉ ባዶ ወንበሮች ጠቅላላ ቁጥር ነው። ካርቦኔት ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፣ ባይካርቦኔት አንድ፣ ቦሬትና ሌሎች ትናንሽ ባለወንበሮችም ይገቡበታል። በክፍት ውቅያኖስ 2300 ማይክሮሞል (የቅንጣቶች ብዛት መቁጠሪያ አሃድ) በኪሎ አካባቢ ነው። እና ልብ በሉ፤ የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙሉ ታክሲ ስለሆነ ባዶ ወንበር አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ስለዚህ ጋዝ ቢገባም ቢወጣም አልካሊኒቲ አይነቃነቅም። ይህች ነገር ወደ ታች ብዙ ታገለግለናለች።

ለምን እዚህ አካባቢ?

ታሪኩ የተጀመረው ከኛ በስተደቡብ ኦሪገን ውስጥ ነው። ኔታርትስ በሚባል ባሕረ ሰላጤ ላይ ዊስኪ ክሪክ የሚባል የኦይስተር ማፈልፈያ አለ። በ2007 እና በ2008 እጮቹ በጅምላ አለቁ። መጀመሪያ ባክቴሪያ ነው ተባለ። ባክቴሪያው ቢጸዳም እጮቹ መሞታቸውን ቀጠሉ። በኋላ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲው በርክ ሄልስና ባልደረቦቹ ውሃውን ሲለኩ ነገሩ ተገለጠ። በበጋ የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ የላዩ ውሃ ወደ ውቅያኖስ ይገፋና ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ያ ውሃ ከአየር ጋር ከተገናኘ አሥርተ ዓመታት አልፎታል። እስከዚያ ድረስ ከላይ የሚወርደው ብስባሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሞላው ኖሯል። በተፈጥሮው ኮምጣጣ በሆነው ላይ የሰው ልጅ ያመጣው ተጨመረበት፤ እጮቹ የማይችሉት ሆነ። የዋሽንግተን ግዛትም ጉዳዩን የሚመረምር ልዩ ቡድን አቋቁሞ በ2012 ምክረ ሐሳቡን አወጣ።

የኦይስተር እጭ የመጀመሪያ ዛጎሉን የሚሠራው በተፈለፈለ በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ስንቁ ደግሞ ከእንቁላሉ ይዞት የመጣው ብቻ። በነዚያ ሁለት ቀናት ውሃው ካስቸገረው ጉልበቱን ጨርሶ ያልቃል። ስለዚህ የወር አማካይ ለእጩ ትርጉም የለውም። የዚያ ቀን ውሃ ነው የሚገድለው።

ዕቃ መሰብሰብ

ባለ ሁለት አኃዝ ሳይሆን 0.001 ድረስ የሚያሳይ ፒኤች ሜትር፣ ኤሌክትሮዱ (ውሃው ውስጥ የሚነከረው ዘንግ) ብርጭቆ የሆነ። እስከ 0.1 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር። ጨዋማነት የምትለኩበት ሪፍራክቶሜትር፤ የአሳ ገንዳ ዕቃ ሻጮች ጋር አለ። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፤ ወርቅ ቤት ያለውን ዓይነት። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ያለ መርፌ። ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ የመስታወት ጠርሙሶች። ክንድ የሚያህል ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ። 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ መጠኑ በፋብሪካ የተረጋገጠ። ፒኤች 4 እና 7 የሆኑ ማስተካከያ ፈሳሾች። እና ትሪስ የሚባለው፣ በሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ውስጥ የተዘጋጀ ማስተካከያ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይወደዳል፤ ግን እሱን ትቶ ሌላውን መግዛት ከንቱ ነው። ምክንያቱን ቆይተን እናያለን።

ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያለ ክርክር። 0.1 ሞላር አሲድ ቀላል ቢሆንም ዓይን ለሱ ቀላል አይደለም።

ቦታና ሰዓት

ሦስት ነገሮች ዳርቻውን ያምሱታል። አንዱ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው፤ ሲሞላ የውጭው ውሃ ይመጣል፣ ሲጎድል የወንዙና የጭቃው ይወርዳል። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። የባሕር ሣርና አልጌ ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመገባሉ፣ ፒኤች ይወጣል። ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል፣ ይወርዳል። ዝቅተኛው ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው። ሦስተኛው ወንዝ ነው። አብዛኛው የወንዝ ውሃ ባዶ ወንበሩ ትንሽ፣ ካልሲየሙም ትንሽ ነው። ከእርሻና ከፍሳሽ ማዳበሪያ ይዞ ከመጣ ደግሞ አልጌው ይፈላል፤ ሲሞትና ሲበሰብስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሶ ይተፋዋል።

እኔ የምመክረው አንድ ቦታ መርጣችሁ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መቅዳት ነው፤ ንጋት ላይና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ። አሥር ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከመዞር ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ከመርከብ ማሰሪያ ድልድይ ላይ ቅዱ፤ ዳር ቆማችሁ ጭቃውን ካማሰላችሁት የምትለኩት የጭቃውን ትንፋሽ ነው።

ናሙና መቅዳት (እኔ የተዋረድኩበት ቦታ)

የመጀመሪያ ናሙናዎቼን በፕላስቲክ የውሃ ኮዳ ቀዳሁ። ግማሽ ድረስ። ቸኩዬ ነበር። መኪና ውስጥ ወርውሬያቸው፣ በመንገድ ምሳ ገዝቼ፣ ማታ ቤት ስለካ ሁሉም ናሙና ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆነ። ደስ አለኝ፤ ወጥ ውጤት! ለካ ውሃዎቹ ከኮዳው ውስጥ አየር ጋር እየተናወጡ ጋዛቸውን አመጣጥነው ኖሯል። የለካሁት የኮዳዬን አየር ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። በባልዲ ወይም በናሙና መያዣ ውሃ አውጡ፤ ባልዲውን ሲወርድ አታንጫጩት። ቱቦውን በባልዲው ውስጥ ነክራችሁ እስኪሞላ ድረስ አየሩን አስወጡለት። ሌላውን ጫፍ የመስታወት ጠርሙሱ ወለል ድረስ አስገቡ። ውሃው ከታች ወደ ላይ በቀስታ ይሙላ። ቡና ከጀበና ስትቀዱ ከፍ አድርጋችሁ ታንቆረቁራላችሁ አይደል? እዚህ ፍጹም ተቃራኒው ነው። አረፋ የለም፣ ድምፅ የለም። ጠርሙሱ ሲሞላ አታቁሙ፤ ቢያንስ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ተርፎ ይፍሰስ። ከዚያ ቱቦውን ቀስ ብላችሁ አውጡና ዝጉ። ገልብጣችሁ እዩ። አረፋ ከታየ ድገሙት።

የሙቀቱን ንባብ እዚያው፣ ባልዲው ሳይሞቅ ውሰዱ። ሰዓት፣ ቦታ፣ ሙቀት፣ ሙላት ወይም ጉድለት፣ ሰማዩ ደመናማ ይሁን ፀሐያማ፤ ሁሉንም በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ በባሕር ውሃ ይጠፋል።

ላብራቶሪዎች ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሕይወት እንዳይተነፍስ የሜርኩሪ ክሎራይድ ጠብታ ይጨምራሉ። ይህ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ አይነካም። በምትኩ ጠርሙሱን በረዶ ባለበት ጨለማ ሳጥን አስቀምጡና በዚያው ቀን ለኩ። ለፒኤች ናሙና ሰዓታት ዋጋ አላቸው። የአልካሊኒቲው ናሙና ግን ጋዝ ቢያመልጠውም ግድ የለውም፤ ወንበሩ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ፒኤችን አስቀድሙ።

ፒኤች

ኤሌክትሮዱን በ4 እና በ7 ማስተካከያ አስተካክሉ። ይህ ኤሌክትሮዱ ጤነኛ መሆኑን ያሳያችኋል። ግን እነዚህ ፈሳሾች ጨው አልባ ናቸው። ከነሱ ወደ ጨዋማ ውሃ በቀጥታ ስትሻገሩ ንባቡ በ0.1 ገደማ ሊዛነፍ ይችላል። የባሕር ሰዎች የሚጠቀሙበት የፒኤች መለኪያ ስምምነትም ከመደበኛው ይለያል። ትሪስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጨዋማነቱ 35 በሆነ ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ የተሠራ ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ፒኤቹ 8.09 ነው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ ወደ 0.03 ይጨምራል፤ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ተከተሉ።

አሠራሩ፦ ኤሌክትሮዱን መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ተራ የባሕር ውሃ ውስጥ አዘግዩት፣ ጨው ይልመድ። የትሪሱን ጠርሙስና ናሙናውን አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አብራችሁ አስቀምጡ፤ ሙቀታቸው እኩል ይሁን። ትሪሱን ለኩ። መሣሪያው ካሳየው ላይ መሆን የነበረበትን ቀንሱ። ያ ልዩነት የመሣሪያችሁ ስህተት ነው፤ ከእያንዳንዱ ናሙና ላይ ትቀንሱታላችሁ። ለምሳሌ ትሪሱ 8.24 ሊሆን ሲገባው 8.34 ካለ፣ የናሙናው 7.80 በእውነቱ 7.70 ነው።

ናሙናውን እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ለኩት፤ ወደ ኩባያ አትገልብጡ። ኤሌክትሮዱን ስታስገቡ ከላይ ትንሽ ይፈሳል፣ ይፍሰስ። አታማስሉ። ቁጥሩ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትዕግሥት ይጠይቃል። የለካችሁበትን ሙቀትም ጻፉ፤ የናሙናው ፒኤች በአንድ ዲግሪ ሙቀት ወደ 0.015 ስለሚቀየር፣ ባሕሩ 12 ዲግሪ ሆኖ እናንተ በ20 ከለካችሁ ከ0.1 በላይ ልዩነት አለ። ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል፤ ሁለቱን ሙቀት ካወቀ።

አልካሊኒቲ

አሁን ወንበር ቆጠራ። ዘዴው ቀላል ነው፤ የምናውቀውን ያህል ተሳፋሪ፣ ማለትም አሲድ፣ እየጨመርን ወንበሮቹ ሁሉ የሚሞሉበትን ነጥብ መፈለግ። ከሞሉ በኋላ የመጣ ተሳፋሪ ሁሉ ውጭ ቆሞ ይቀራል፤ ፒኤች ይዘቅጣል። ያ ነጥብ በትክክል የት እንደሆነ በዓይን መገመት ያስቸግራል። ስዊድናዊው ጉናር ግራን በ1952 ያሳተመው ብልሃት እዚህ ያግዘናል፤ ነጥቡን ራሱን ከመፈለግ ይልቅ ነጥቡን አልፈን ውጭ የቆሙትን ቆጥረን ወደ ኋላ መሄድ።

200 ግራም ናሙና ሰፋ ባለ ብርጭቆ መዝኑ። ሲሪንጁን አሲድ ሞልታችሁ እሱንም መዝኑ። በሚሊ ሊትር መስመሩ አትመኑ፤ ክብደቱ ነው የሚታመነው። 4.6 ግራም ያህል አሲድ ጨምሩ። ፒኤች ወደ 3.6 ይወርዳል። አሁን ለ10 ደቂቃ በደንብ አማስሉት፣ ወይም በአሳ ገንዳ ፓምፕ አየር ንፉበት። እስካሁን አረፋ ስንፈራ ነበር፣ አሁን እንፈልገዋለን፤ የሞሉት ታክሲዎች በጋዝ መልክ ወጥተው ይሂዱ። ከዚያ በግማሽ በግማሽ ግራም እየጨመራችሁ ፒኤች 3 እስኪደርስ እያንዳንዱን መዝግቡ።

እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦ 4.6 ግራም ላይ 3.61፤ 5.1 ላይ 3.31፤ 5.6 ላይ 3.14፤ 6.1 ላይ 3.01። በኤክሴል ለእያንዳንዱ ረድፍ ይህን አስሉ፦

(የናሙና ክብደት + የአሲድ ክብደት) × 10^(-ፒኤች)

ውጤቱ 0.050፣ 0.100፣ 0.149፣ 0.201 ይሆናል። እነዚህን ከአሲዱ ክብደት ጋር በግራፍ ስታስቀምጡ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። መስመሩን ወደ ኋላ ጎትቱትና ዜሮን የሚነካበትን እዩ፤ 4.10 ግራም። ወንበሮቹ ልክ የሞሉት እዚያ ነው። የ0.1 ሞላር አሲድ አንድ ሊትር ለአንድ ኪሎ በጣም ስለሚቀርብ፣

4.10 × 0.1 ÷ 200 = 0.00205 ሞል በኪሎ፣ ማለትም 2050 ማይክሮሞል በኪሎ።

መስመሩ ከተጣመመ ሁለት ምክንያት እጠረጥራለሁ፤ ጋዙ በደንብ አልወጣም፣ ወይም ኤሌክትሮዱ አርጅቷል። ሚዛኑ 0.01 ግራም ቢሳሳት ከ4.10 ላይ 5 ማይክሮሞል ያህል ነው የሚያሳስታችሁ፤ ምንም አይደል። የአሲዱ መጠን ግን ከታወጀው በአንድ በመቶ ቢዛነፍ 20 ማይክሮሞል ይጠፋል። ለዚህ መፈተሻው አልካሊኒቲው አስቀድሞ የታወቀ የባሕር ውሃ ነው። ካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ውስጥ አንድሩ ዲክሰን ያዘጋጁት የነበረው የማመሳከሪያ ውሃ በዓለም ዙሪያ የላብራቶሪዎች መመኪያ ነው። ለግለሰብ ይከብዳል፤ በአቅራቢያችሁ የባሕር ላብራቶሪ ካለ ግን የተከፈተ ጠርሙስ ትራፊ መለመን ነውር የለውም። እኔ ለምኛለሁ።

የአሳ ገንዳ መሸጫ ያለው የቀለም መፈተሻስ? ዲኬኤች በሚባል አሃድ ይናገራል፤ አንዱ 357 ማይክሮሞል ያህል ነው። አንድ ጠብታ ሲሳሳት ስንት እንደሚርቅ ራሳችሁ ገምቱ። ለሙከራ እሺ፤ ለመዝገብ አይሆንም።

ስሌቱ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ባይካርቦኔት፣ ካርቦኔት፤ ሁሉም ተያይዘዋል። ከአራቱ ነገሮች፣ ማለትም ከፒኤች፣ ከአልካሊኒቲ፣ ከጠቅላላ የሟሟ ካርቦንና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት፣ ሁለቱን ካወቃችሁ ሌሎቹ ይሰላሉ። ሲኦቱሲስ (CO2SYS) የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በ1998 ወጥቶ ዛሬም ያገለግላል፤ በኤክሴልም በፓይተንም አለ። ፒኤች፣ አልካሊኒቲ፣ ጨዋማነት፣ የተለካበትን ሙቀትና የባሕሩን ሙቀት ታስገባላችሁ። የፒኤች ስምምነቱን «ቶታል» የሚለውን ምረጡ፤ ትሪሱ የተስማማው ከሱ ጋር ነው። የማይለዋወጡትን ቁጥሮች ምርጫ ሲጠይቃችሁ ሉከር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2000 ያወጡትን ውሰዱ፤ የኛ ውሃ ዓይነት ላይ የተለመደው እሱ ነው።

የምትፈልጉት ውጤት የአራጎናይት ኦሜጋ ነው። አራጎናይት እጮች የሚጠቀሙበት የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው። ኦሜጋ ደግሞ ውሃው ለአራጎናይት መሠሪያ የሚሆነውን ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ከ1 በታች ሲሆን ጠጣሩ አራጎናይት ራሱ መሟሟት ይጀምራል።

ከላይ የወጣውን እንያዝ። አልካሊኒቲ 2050፣ ጨዋማነት 29፣ ባሕሩ 12 ዲግሪ፣ በዚያው ሙቀት ፒኤች 7.70። ኦሜጋ 0.85 አካባቢ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ወደ 890 ማይክሮአትሞስፌር ይወጣል። ከላዩ ያለው አየር ከ420 ትንሽ አለፍ ያለ ነው፤ ይህ ውሃ ከአየሩ እጥፍ በላይ ጋዝ ተሸክሟል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ 8.10 ቢሆን ኦሜጋ ወደ 1.9 ይወጣል። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንዱ ውሃ ዛጎል ያሟሟል፣ ሌላው ያስገነባል።

አሁን ወደ ትሪሱ ተመለሱ። እሱን ሳትጠቀሙ ቀርታችሁ 7.70ውን 7.80 ብትሉት ኦሜጋ 1.05 ይወጣል። ከ1 በታች የነበረው ከ1 በላይ ሆነ፤ ፍርዱ ተገለበጠ። በሌላ በኩል አልካሊኒቲው በ50 ቢሳሳት ኦሜጋ የሚነቃነቀው በ0.02 ገደማ ነው። ድካማችሁን የት ማፍሰስ እንዳለባችሁ ቁጥሩ ራሱ ነግሯችኋል።

ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

የዓለም አቀፉ የውቅያኖስ አሲዳማነት ምልከታ መረብ ሁለት ደረጃ አስቀምጧል። «የአየር ጠባይ» የሚለው ደረጃ በፒኤች 0.02፣ በአልካሊኒቲ 10 ማይክሮሞል ስህተት ይፈቅዳል፤ የዕለትና የወቅት ለውጥ ለማየት ይበቃል። «የአየር ንብረት» ደረጃ 0.003 እና 2 ይጠይቃል፤ የአሥርተ ዓመታትን ቀስ ያለ ለውጥ ለመያዝ ነው። በቤት ዕቃ ሁለተኛውን አትመኙ። የመጀመሪያው ጫፍ ላይ መድረስ ይቻላል፤ 0.03 ላይ ከደረሳችሁ ቡና አፍሉ።

ስለዚህ «በኛ ዳርቻ ባለፉት ሦስት ዓመታት አሲዳማነት ጨመረ» ብላችሁ አትለጥፉ፤ መሣሪያችሁ ያንን አያይም። «በሐምሌ ጎህ ሲቀድ ኦሜጋ ከ1 በታች ይወርዳል፣ ከሰዓት ይመለሳል» ማለት ግን ትችላላችሁ፤ ይህ ለአንድ ኦይስተር አርቢ ገንዘብ ነው። እጮች 1 እስኪደርስ አይጠብቁም፤ 1.5 አካባቢ ሲወርድ ጀምሮ ይቸገራሉ።

ዊስኪ ክሪክ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ሰዓት መረጡ፤ ገንዳቸውን የባሕር ሣሩ ቀኑን ሙሉ ጋዙን ከበላ በኋላ፣ ከሰዓት መሙላት ጀመሩ። ያ በማይበቃበት ቀን ውሃው ላይ ሶዳ አሽ ይጨምራሉ። ሶዳ አሽ ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ በታክሲ ቋንቋችን ሁለት ሁለት ባዶ ወንበር ያላቸው አዳዲስ ታክሲዎች። ይህን ሳነብ አብያታ ትዝ አለኝ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከሻላ አጠገብ ያለው ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲመረትበት የቆየ ነው። ውሃው በካርቦኔት የተጨናነቀ፣ ፒኤቹ 10 አካባቢ። ባሕር የሌላት አገር ሐይቅ፣ የባሕር እጭ የሚያተርፈውን ዱቄት ይዟል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ነው ነገሩ የራሳቸው የሆነው።

በገንዳ ውስጥ ይሠራል እንጂ ባሕር ላይ ሶዳ አሽ ለመበተን እንዳትነሱ። መጠኑም ሕጉም አይፈቅድላችሁም።

ለመጀመሪያው ቀን

አልካሊኒቲውን ለሌላ ሳምንት ተዉት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ባልዲ ውሃ አውጡና ከሱ ሦስት ጠርሙስ ሙሉ። ሦስቱን ለየብቻ ፒኤች ለኩ። በ0.02 ውስጥ ከተስማሙ እጃችሁ ተገርቷል። ካልተስማሙ መሣሪያውን ሳይሆን አሞላላችሁን እዩ። የኔ የመጀመሪያ ሦስቱ በ0.09 ተራርቀው ነበር፤ አራተኛው ቅዳሜ ላይ 0.02 ደረሱ። ቱቦውን የያዘችው ያቺ ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ነበረች፤ ከኔ እጅ የሷ ይረጋል። ቀጣዩ የባሕሩ ጉድለት ማለዳ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ የእጅ ባትሪ ይዘን እንወርዳለን።